የሕፃናት መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅትን የገንዘብ አቋም ስለ መመርመር

ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አጋዥ የንባብ መጻሕፍት ለማቅረብ ከአንድ አሳታሚ ድርጅት ጋር የሚዋዋል የትምህርት ቢሮ፣ ወይም ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ቀንሶ ለቤተ መጻሕፍቱ ተከታታይ የተረት መጻሕፍት የሚገዛ ርእሰ መምህር ምን ምን እንደሚመረምር ይታወቃል። ቋንቋው ለሕፃናቱ ዕድሜ የሚስማማ መሆኑን፣ የሥዕሉን ጥራት፣ የፊደሉን መጠን፣ የወረቀቱን ጥንካሬ፣ በመጨረሻም ዋጋውን ያያል። አሳታሚው ራሱ በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ላይ ይገኝ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ቸልታ ጉዳት የሚታወቀው ቆይቶ ነው፤ የአንደኛ ክፍሉ መጽሐፍ ደርሶ የሁለተኛ ክፍሉ ሳይመጣ ሲቀር፣ መምህሩ በተከታታዩ መሠረት ያወጣው የንባብ ዕቅድ መሐል ላይ ሲቋረጥ፣ የተቀደደውንም መጽሐፍ የሚተካ ሲታጣ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መምህራንና የፕላን ባለሙያዎች የሒሳብ ምሁራን መሆን ሳያስፈልጋቸው የአንድን የሕፃናት መጻሕፍት አሳታሚ የገንዘብ አቋም እንዴት መመርመር እንደሚችሉ ማብራራት ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ሐዋሳ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ከተማይቱ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሲዳማ ሕዝብ ቁጥር ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። በሌላ በኩል በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሲዳማም ችግሩ ጎልቶ ከታየባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዲህ በሲዳሙ አፎ ለሚታተም የሕፃናት መጽሐፍ ፍላጎት የለም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ፍላጎትና ገበያ ለየቅል ናቸው። መስከረም ሲጠባ በሐዋሳ ፒያሳ ወደሚገኙት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ልጁን ይዞ የሚመጣው ወላጅ አስቀድሞ የሚገዛው ደብተርና እስክሪብቶ ነው፤ የተረት መጽሐፍ የሚገዛው ገንዘብ ከተረፈው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አይተርፈውም።

በመሆኑም የሕፃናት መጻሕፍት ኅትመት ከሌላው የኅትመት ሥራ የሚለይበት ዋና ጠባይ አንባቢውና ከፋዩ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ሕፃኑ ኪስ የለውም። ስለዚህ የአሳታሚውን ጤንነት የሚመረምር ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «መጽሐፉን ማን ያነበዋል?» የሚለው ሳይሆን «ማን ይከፍልበታል? እስከ መቼስ ይከፍልበታል?» የሚለው መሆን አለበት።

ለዚህ ጥያቄ በአገራችን የተሰጡት መልሶች ልዩ ልዩ ነበሩ። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ይሠራ በነበረበት በ1970ዎቹ ዓመታት፣ በሞስኮ ፕሮግሬስና ራዱጋ የተባሉት ማተሚያ ቤቶች በአማርኛ ያሳተሟቸው ባለ ሥዕል የሕፃናት መጻሕፍት በርካሽ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩ ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ ያስታውሷቸዋል። የእነዚያ መጻሕፍት ዋጋ ግን የወረቀቱንና የቀለሙን ወጪ የሚያንጸባርቅ አልነበረም፤ ልዩነቱን የሚሸፍነው የሌላ አገር መንግሥት ነበር። ያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈርስ ምንጩ ደረቀ።

ሁለተኛው መልስ ሐዋሳን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ስለ ሞኙ ማሞ የሚተረከውን ተረት በእንግሊዝኛና በአማርኛ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። ከደራሲዋ ከጄን ከርትዝ ጋር ባቋቋሙት ኢትዮጵያ ሪድስ በተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነትም የመጽሐፉ ሽያጭ ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ማቋቋሚያ እንዲውል አደረጉ። በ1990ዎቹ መገባደጃም በሐዋሳ አህያ የምትጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረች። ከሒሳብ አንጻር ሲታይ እዚህ ላይ የተደረገው፣ መግዛት የሚችለው ሰው የከፈለው ዋጋ መግዛት ለማይችለው ልጅ ማንበቢያ እንዲሆን ነው። አሠራሩ ብልህነት ያለበት ነው። ሆኖም ሚዛኑ የሚጠበቀው በውጭ አገር የሚገዛውና የሚለግሰው ሰው እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ሦስተኛው የፕሮጀክት ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት፣ በዩኤስኤአይዲ፣ ገንዘብ የተካሄደው የንባብ ማሻሻያ ፕሮጀክት ሲዳሙ አፎን ጨምሮ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የንባብና የጽሕፈት መማሪያ መጻሕፍት እንዲዘጋጁ ረድቷል። ፕሮጀክቱ ጊዜውን ጨርሶ አበቃ፤ ለጋሹ ድርጅት ራሱም እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘጋ። አንድ አሳታሚ ከዓመታዊ ገቢው ሦስት አራተኛውን የሚያገኘው ከአንድ ገዢ ከሆነ፣ ያ ገዢ ለጋሽም ይሁን የክልል ቢሮ፣ የአሳታሚው ዕድሜ የሚለካው በራሱ ሳይሆን በገዢው የበጀት ዘመን ነው። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ይህንን አይናገርም። ስለዚህ መርማሪው የገዢዎችን ዝርዝርና የእያንዳንዱን ድርሻ በተለይ መጠየቅ ይገባዋል።

ትርፍና ጥሬ ገንዘብ

ወደ ሒሳቡ እንለፍ። ለማስተማሪያ ያህል፣ ቢሮውን በሐዋሳ ፒያሳ የተከራየ አንድ አነስተኛ አሳታሚ አለ እንበል፤ ከዚህ በታች ያሉት አኃዞችም ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። አሳታሚው ባለ 24 ገጽ፣ ባለ ቀለም ሥዕል የተረት መጽሐፍ ያዘጋጃል። ለአርታዒ፣ ለሠዓሊ፣ ለገጽ ቅንብርና ለፕሌት 200,000 ብር ያወጣል። ይህ ወጪ አንድ ቅጂ ቢታተምም መቶ ሺሕ ቢታተምም ያው ነው። 10,000 ቅጂ ሲያሳትም ማተሚያ ቤቱ ለወረቀት፣ ለቀለምና ለጥረዛ በቅጂ 45 ብር ያስከፍለዋል፤ ጠቅላላ ወጪው 650,000 ብር፣ የአንዱ ቅጂ ወጪ 65 ብር ይሆናል። የሽፋኑን ዋጋ 130 ብር አድርጎ ለመደብሮች 35 በመቶ ቅናሽ ቢሰጥ የሚደርሰው 84.50 ብር ነው። ለደራሲው ከሽፋኑ ዋጋ 10 በመቶ፣ ማለትም 13 ብር ሲከፍል 71.50 ብር ይቀረዋል። እንግዲህ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 9,091 ቅጂ መሸጥ አለበት። አሥሩ ሺሕ ሁሉ ቢሸጥ መጽሐፉ የሚያስገኘው ትርፍ 65,000 ብር ነው፤ የቤት ኪራዩንና የሠራተኛ ደመወዙን ገና አላሰብንም።

«ታዲያ ለምን ጥቂት አያሳትምም?» የሚል ይኖራል። 3,000 ቅጂ ብቻ ቢያሳትም የማተሚያው ዋጋ በቅጂ ወደ 70 ብር ከፍ ይላል፤ የዝግጅቱ ወጪ ለሦስት ሺሕ ሲካፈልም የአንዱ ቅጂ ወጪ ወደ 137 ብር ይደርሳል። ይህ ከሽፋኑ ዋጋ ይበልጣል። ጥቂት ቢያሳትም ገና ሳይሸጥ ይከስራል፤ ብዙ ቢያሳትም ገንዘቡ መጋዘን ውስጥ ይታሰራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የሚያሳትም ሁሉ የሚኖረው በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ነው።

አሁን በመጀመሪያው ዓመት 4,000 ቅጂ ተሸጠ እንበል። በሒሳብ ደንብ መሠረት ገቢው 338,000 ብር፣ የተሸጡት መጻሕፍት ወጪ 260,000 ብር፣ የደራሲው ድርሻ 52,000 ብር ስለሚሆን የትርፍና ኪሳራ መግለጫው 26,000 ብር ትርፍ ያሳያል። መግለጫውን ብቻ ያየ የጨረታ ኮሚቴ ድርጅቱ አትራፊ ነው ብሎ ይመዘግባል። ጥሬ ገንዘቡ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ለመጽሐፉ የወጣውና ለደራሲው የሚገባው በድምሩ 702,000 ብር ነው። ከሽያጩ ውስጥ 200,000 ብሩ ገና በመደብሮችና በትምህርት ጽሕፈት ቤቶች እጅ ያለ ዱቤ ቢሆን በእርግጥ የገባው 138,000 ብር ብቻ ነው። የ564,000 ብር ክፍተት አለ ማለት ነው።

ይህ ክፍተት ከየት ተሞላ? የሀብትና ዕዳ መግለጫውን ስናይ ባለቤቶቹ ያዋጡት ካፒታል 202,000 ብር ነው። ማተሚያ ቤቱ 250,000 ብር ይጠይቃል፤ የደራሲው 52,000 ብር አልተከፈለም፤ ባንኩም 100,000 ብር አበድሯል። በካዝና የቀረው 40,000 ብር ነው። የአጭር ጊዜ ዕዳው በድምሩ 402,000 ብር ሆነ። ይህ ዕዳ በሙሉ 16 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ቢሆን የአንድ ዓመት ወለዱ 64,320 ብር ነው፤ መጽሐፉ እስከ መጨረሻው ቅጂ ተሽጦ ከሚያስገኘው ጠቅላላ ትርፍ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። እስካሁን ድርጅቱን ያቆመው የማተሚያ ቤቱና የደራሲው ትዕግሥት ነው። ደራሲዎቹ ድርሻቸው በወቅቱ ይከፈላቸው እንደሆነ መጠየቅ ሐሜት መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ ነገር ግን አንድ አሳታሚ ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ ክፍያ የሚያዘገየው በደራሲና በሠዓሊ ላይ ስለሆነ፣ ከየትኛውም መግለጫ ቀድሞ ሕመሙን የሚናገረው ይህ ነው።

ባለሙያዎች የድርጅትን ዕዳ የመክፈል ዐቅም የሚለኩት ተንቀሳቃሽ ሀብቱን ለአጭር ጊዜ ዕዳው በማካፈል ነው። በምሳሌያችን ጥሬ ገንዘቡ 40,000፣ ተሰብሳቢው 200,000፣ በመጋዘን ያለው መጽሐፍ 390,000፣ በድምሩ 630,000 ብር ነው። ለ402,000 ሲካፈል 1.57 ይሆናል፤ ይህ መልካም ቁጥር ይመስላል። የመጋዘኑን መጽሐፍ ስናወጣው ግን 0.60 ይቀራል። ከተሰብሳቢውም ውስጥ 120,000 ብሩ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ሆኖ ከተገኘና እሱንም ከቀነስነው ቁጥሩ ወደ 0.30 ይወርዳል። ለሕፃናት መጻሕፍት አሳታሚ የሚታመነው የመጨረሻው ቁጥር ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ዕዳውን በተረት መጽሐፍ አይቀበልምና።

በመጋዘን ስላለው መጽሐፍ

የአሳታሚን መግለጫ የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ክምችቱ ነው። መጋዘን ውስጥ ያለ መጽሐፍ በወጣበት ወጪ እንደ ሀብት ይመዘገባል። የሒሳብ አያያዝ ደንቡ ግን ከወጪውና ሊሸጥበት ከሚችለው የተጣራ ዋጋ ዝቅተኛው እንዲወሰድ ያዛል። በምሳሌያችን ከቀሩት 6,000 ቅጂዎች ግማሹ ፈጽሞ እንደማይሸጥ ቢታመን 195,000 ብር ከሀብቱ ይሰረዛል፤ የ26,000 ብሩ ትርፍ ወደ 169,000 ብር ኪሳራ ይለወጣል፤ የባለቤቶቹም ሀብት 33,000 ብር ብቻ ይሆናል። ብዙ አሳታሚዎች ይህን ስረዛ ከዓመት ወደ ዓመት ያስተላልፋሉ። ክፋት ሆኖ ሳይሆን፣ ሰው የደከመበትን መጽሐፍ አይሸጥም ብሎ መፈረም ስለሚከብደው ነው።

ይህ አደጋ የድሀ አገር አሳታሚን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በሕፃናትና በማጣቀሻ መጻሕፍቱ ዓለም የሚያውቀው የእንግሊዙ ዶርሊንግ ኪንደርስሊ እ.ኤ.አ. በ1999 «ስታር ዋርስ» ከተባለው ፊልም ጋር የተያያዙ ወደ 13 ሚሊዮን መጻሕፍት አሳትሞ የተሸጡለት ወደ 3 ሚሊዮን ብቻ ነበሩ። በስሙ የተከበረና በጥራቱ የተመሰገነ ድርጅት በአንድ ግምት ስሕተት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2000 ለፒርሰን ተሸጠ።

በእኛ አገር ክምችትን ከንቱ የሚያደርጉ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲዳምኛን ጨምሮ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ሲካሄድ የማንበቢያ ጽሑፎቹ የተዘጋጁት በግእዝ ፊደል ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምር የቀድሞዎቹ ጽሑፎች ለአዲሶቹ ክፍሎች ሊያገለግሉ አልቻሉም። እንደዚሁም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል የቀድሞውን ሥርዓት የተከተሉ መጻሕፍት ዋጋ አጡ። እዚህ ላይ የተረት መጽሐፍ ከመማሪያ መጽሐፍ የሚሻልበት ነጥብ አለ። ስለ ጅብና ስለ አህያ የሚተርክ መጽሐፍ ሥርዓተ ትምህርቱ ሲለወጥ አያረጅም። ስለሆነም የመጋዘኑን ዝርዝር የሚያይ ሰው ጠቅላላ የብር መጠኑን ትቶ እያንዳንዱ ርእስ መቼ እንደታተመ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ቅጂ እንደተሸጠለት፣ በዚያ አካሄድ የቀረው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ ይጠይቅ። አራትና አምስት ዓመት የሚፈጅ ክምችት ዋጋው በወረቀት ላይ እንጂ በገበያ ላይ የለም።

ከክምችቱ ጋር የተያያዘ ሌላ ስውር ነገር የወረቀት ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ በሚገባ ወረቀት፣ ቀለምና ፕሌት ለሚሠራ የኅትመት ሥራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ መጽሐፉ ድጋሚ ሲታተም የዝግጅቱ ወጪ ቀድሞ የተከፈለ ስለሆነ የማተሚያው 45 ብር ብቻ ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ቅጂ 26.50 ብር ይተርፋል። የሕፃናት መጻሕፍት አሳታሚ እንጀራውን የሚበላው ከዚህ ከድጋሚ ኅትመት ነው። የማተሚያው ዋጋ ከ45 ወደ 80 ብር ቢያድግና የሽፋኑ ዋጋ በ130 ብር ቢጸና ግን፣ የሚደርሰው 71.50 ብር ለድጋሚ ኅትመቱ አይበቃም። አሳታሚው የቀድሞውን ክምችት በትርፍ እየሸጠ ሳለ መጽሐፉን መተካት የማይችል ይሆናል፤ ትርፍ ብሎ የሚያየው ካፒታሉን ነው። በብር የተቆረጠ የብዙ ዓመት ውል ያለው አሳታሚ ከሆነ ውሉ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ እንዳለው ማየት የግድ ነው።

የገዢው ድርሻ

ቢሮዎች የአሳታሚውን አቋም ሲመረምሩ ራሳቸውንም በመግለጫው ውስጥ ማግኘታቸው አይቀርም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ክፍያ የሚጣደፈው በሰኔ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ክፍያ የሚቀዘቅዝበት ወቅት ነው። አሳታሚው ደግሞ ለመስከረም መጻሕፍት ለማድረስ ወረቀት መግዛትና ማተሚያ ቤት መክፈል ያለበት በዚሁ በክረምት ነው። ስለዚህ ሒሳቡን በሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅት መግለጫው በዓመቱ ውስጥ እጅግ መልካም ሆኖ የሚታይበት ቀን ያ ነው። የነሐሴን መጨረሻ የባንክ መግለጫ መጠየቅ ይበልጥ ያስተምራል። ቢሮው መጽሐፉን ተረክቦ ስምንት ወር ሳይከፍል ቢቆይ፣ አሳታሚውን ያመመው ራሱ ገዢው መሆኑን ማወቅ አለበት። በዋስትና የሚሰጥ ቅድመ ክፍያ፣ እንዲሁም ርክክቡን ተከትሎ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ የሚፈጸም ክፍያ በውሉ ቢጻፍ፣ የቢሮው ወጪ ሳይጨምር የመጽሐፉ ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። አሳታሚው ገንዘቡ እንደሚዘገይ ሲያውቅ የሚዘገይበትን ወለድ አስቀድሞ በዋጋው ላይ ይጨምራልና።

ስለ ዝቅተኛ ዋጋም አንድ ነገር መባል ይገባል። በጨረታ ከሁሉ ያነሰ ዋጋ የሚያቀርበው ሁልጊዜ ቀልጣፋው አይደለም። የቀድሞ የማተሚያ ዕዳ የሚያስጨንቀው አሳታሚ ቅድመ ክፍያውን ለማግኘት ሲል ከወጪው በታች ሊያቀርብ ይችላል፤ በእኛ መጽሐፍ ገንዘብ የሌላውን ዕዳ ይከፍላል፤ የእኛን መጽሐፍ የሚያሳትምበት ግን አይኖረውም። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የፋይናንስ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ ያለባቸው ድርጅቶች በኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ከእነዚህ የአንድ ዓመት ሳይሆን የሦስት ተከታታይ ዓመታት የተመረመረ ሒሳብ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሰነዱ ሲመጣም ከፊተኛው ገጽ ይልቅ የውጭ ኦዲተሩን አስተያየትና ከመግለጫው ጀርባ ያሉትን ማብራሪያዎች ማንበብ ይጠቅማል፤ የቆየ ተሰብሳቢ ሒሳብና ያልተሰረዘ ክምችት የሚገኙት እዚያ ነው።

መምህሩ እነዚህን ሰነዶች የማግኘት ዕድል ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ማንም የማይከለክለው ማስረጃ አለ። የእያንዳንዱ መጽሐፍ የመብት ገጽ የታተመበትን ዓመትና ስንተኛ ኅትመት መሆኑን ይናገራል። የአንድን አሳታሚ አሥር መጻሕፍት አንሥቶ ስንቶቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ኅትመት እንደደረሱ ይቁጠር። አሥሩም የመጀመሪያ ኅትመት ከሆኑና ሁሉም ጀርባቸው ላይ የአንድ ለጋሽ ዓርማ ካለ፣ ያ አሳታሚ እስካሁን የሠራው ለትእዛዝ ነው፤ ገበያ ገና አልፈተነውም። ከአሥሩ ሦስቱ ወይም አራቱ በልዩ ልዩ ዓመታት ደጋግመው ታትመው ከሆነ፣ በተለይም የትእዛዝ ዓርማ ሳይኖርባቸው፣ አንድ ሰው በራሱ ገንዘብ ገዝቷቸዋል፣ ሌላውም ተከትሎታል ማለት ነው። ተከታታይ መጽሐፍ የሚመርጥ መምህር ዝርዝሩን ለወረዳው ሲልክ ይህን ቁጥር ከርእሱ አጠገብ ቢጽፈው ለግዥ ክፍሉ ከብዙ ገጽ የማስታወቂያ ወረቀት የበለጠ ይረዳዋል።